የመደርደሪያን ባዶ ቦታ በካሜራ መከታተል፦ ለድሬዳዋ ሱፐርማርኬቶችና ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ዝርዝር መመሪያ

ደንበኛ የዱቄት ወተት ፈልጎ ገብቶ መደርደሪያው ባዶ ሲሆንበት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ወጥቶ ቀጥሎ ያለው መደብር ይገባል። በዚያው ሰዓት ግን ሦስት ካርቶን ወተት ከኋላ ባለው መጋዘን ተደራርቦ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከጂቡቲ ወደብ ድሬዳዋ ድረስ ስንት ወጪ ወጥቶበት የመጣ ዕቃ ከመጋዘን እስከ መደርደሪያ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ይጠፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና ብዙ አገሮችን ያካተተ አንድ ጥናት፣ በመደርደሪያ ላይ መገኘት ከሚገባቸው 100 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ በአማካይ 8 ያህሉ እንደማይገኙ አሳይቷል። ከዚህ ጉድለት ወደ 70 ከመቶ የሚሆነው የመጣው ከአቅራቢው ሳይሆን ከመደብሩ ከራሱ አሠራር ነበር፤ ወይ በጊዜ አልታዘዘም፣ ወይ በጊዜ አልተሞላም።

ካሜራ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱን ከመትከልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይወስኑ፦ ካሜራው ዕቃ እንዲቆጥርልዎ አይጠብቁ፤ ባዶ ቦታ እንዲያይልዎ ብቻ ያድርጉ። ካሜራ የሚያየው የመደርደሪያውን ፊት ነው። ከፊት ካለው አንድ ጠርሙስ ጀርባ አምስት ይኑሩ ወይም ምንም አይኑር አያውቅም። መቁጠር የገንዘብ መቀበያው መዝገብና የንብረት ቆጠራው ሥራ ነው። ካሜራውን በማይችለው ሥራ የጫኑት ሁሉ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የማይታመን ቁጥር ይዘው ይቀራሉ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ይህን መንገድ አቅልለው አልተወጡትም። ዋልማርት በመቶዎች በሚቆጠሩ መደብሮቹ በመደርደሪያዎች መካከል እየተዘዋወሩ የሚቃኙ ሮቦቶችን አሰማርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ውሉን አቋርጦ ወደ ቀለሉ ዘዴዎች ተመልሷል።

የትኞቹ መደርደሪያዎች?

መደብሩን በሙሉ አይጀምሩ። በሦስት ጥያቄ ያጣሩ። ዕቃው በፍጥነት ይሸጣል? ተጨማሪው መጋዘን ውስጥ ይገኛል? ደንበኛው ሲያጣው ሌላ ሳይተካ ይወጣል? ሦስቱንም «አዎ» የሚያስብሉት ለአብዛኛው የድሬዳዋ መደብር ጥቂት ናቸው፦ የምግብ ዘይት፣ ፓስታና መኮሮኒ፣ የዱቄት ወተት፣ የልብስ ሳሙናና ዱቄት ሳሙና፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ የታሸገ ውኃ። ለእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት መደርደሪያ ይበቃል።

በሚዛን የሚሸጥ ሩዝና ስኳር ለዚህ ሥራ አይመችም። ከሻጩ ጀርባ ያለና ሻጩ ራሱ እያነሣ የሚሰጠው ዕቃም ካሜራ አያስፈልገውም፤ ሲያልቅ የመጀመሪያው የሚያየው ሻጩ ነው። በመስታወት በር የተዘጋ ማቀዝቀዣ ፈታኝ ነው፤ መስታወቱ የመብራት ነጸብራቅ ይመልሳል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥርም በእኛ ሙቀት ጤዛ ይይዛል። የውኃና የለስላሳ ማቀዝቀዣውን ለጊዜው ለሠራተኛ ዓይን ይተዉት።

መደርደሪያውን ማዘጋጀት

ይህ ክፍል ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው ዘልሎት ወደ ካሜራ ግዢ ይሮጣል፤ በኋላ የሚመጣው ውጣ ውረድ ሁሉ መነሻው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ ቦታ ይስጡ። ዛሬ ፓስታ የተቀመጠበት ነገ ሳሙና ከተቀመጠ ካሜራው ባዶውን ቢያይም «ምን አለቀ?» ለሚለው መልስ የለውም። በዕቃዎቹ መካከል ቀጭን መለያ ያስገቡ፤ ከፊት ጠርዝ ላይ የዕቃውን ስምና ዋጋ ይለጥፉ። ከዚያ መደርደሪያውን ፊት ለፊት ፎቶግራፍ አንሥተው በማተም መጋዘኑ በር ላይ ይስቀሉ፤ ዕቃ የሚሞላው ሠራተኛ የሚመራበት ካርታ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በጣም ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከየትኛውም ውድ ሶፍትዌር አስበልጬ እመክረዋለሁ። የመደርደሪያውን ጀርባና ወለል በአንድ ደማቅ ቀለም ይሸፍኑ። ብርሃን የማያንጸባርቅ ፕላስቲክ ወይም ወፍራም ወረቀት ይሁን፤ ቀለሙም በዚያ መደርደሪያ ላይ ባሉት ማሸጊያዎች ላይ የሌለ ይሁን። ቢጫ የዘይት ጄሪካን ካለ ቢጫ አይሆንም፤ ሰማያዊ የሳሙና ፓኬት ካለ ሰማያዊ አይሆንም። ዕቃው ሲያልቅ ቀለሙ ይገለጣል፤ ኮምፒውተሩም ጥላና ባዶ ቦታን እየለየ ሲቸገር ከመዋል የተገለጠውን ቀለም ብቻ ይለካል።

ሦስተኛ፣ የቀሩትን ዕቃዎች ወደ ፊት የመሳብ ልማድ። መደብሩ ውብ እንዲመስል ሠራተኛው የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ወደ ፊት ያመጣቸዋል፤ ይህ ለደንበኛ ዓይን ጥሩ ነው፣ ካሜራውን ግን ያታልላል። መፍትሔው ካሜራውን ከፍ አድርጎ ወደ ታች እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ያኔ ከፊተኛው ጠርሙስ ኋላ ያለው ወለል በከፊል ይታያል። ከዓይን በላይ ባሉት መደርደሪያዎች ላይ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ ፈጥኖ የሚያልቀውን ዕቃ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ላይ ያድርጉት።

ካሜራ ሲገዙ ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ

ሻጩ «ይህ ባለ 8 ሜጋፒክስል ነው» ሲልዎ ጥያቄዎ «አንድ ፓኬት ፓስታ በስንት ፒክስል (ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይታያል?» መሆን አለበት። በመደርደሪያዎች መካከል ያለው መተላለፊያ ብዙ ጊዜ 1.2 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ካሜራው ከተቃራኒው መደርደሪያ አናት ላይ ተሰክቶ ያያል። 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን 100 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ በ1.2 ሜትር ርቀት ላይ ይህ 2.8 ሜትር ገደማ ስፋት ይሆናል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 1,920 ፒክስል አለው። 1,920ን ለ2.8 ሲያካፍሉት በሜትር 685 ፒክስል ያገኛሉ፤ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕቃ በ48 ፒክስል ይታያል ማለት ነው። ባዶ ቦታ ለመለየት ይህ ይበቃል። የዕቃውን ዓይነት ከማሸጊያው ለመለየት ከፈለጉ ግን 100 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል፤ ያኔ ባለ 8 ሜጋፒክስሉ ትርጉም ያገኛል።

ብዙዎች የሚረሱት የቁመቱን ነው። ይኸው ሌንስ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሸፍነው 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በ1.2 ሜትር ርቀት 1.25 ሜትር ቁመት ማለት ነው። መደርደሪያዎ 2 ሜትር ከሆነ የላይኛው ወይም የታችኛው ክፍል ከምስሉ ይወጣል። ካሜራውን 90 ዲግሪ አዙረው በጎኑ ይስቀሉት። በዚህ መንገድ ቁመቱን በሙሉ ያገኛሉ፤ ስፋቱ ግን በአንድ ካሜራ 1.25 ሜትር ይሆናል። ስንት ካሜራ እንደሚያስፈልግዎ የሚቆጥሩት በዚህ ነው፤ የ4 ሜትር መደርደሪያ አራት ካሜራ ይፈልጋል።

ለመግዛት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ካሜራው ምስሉን ለሌላ ኮምፒውተር እንዲሰጥ የሚያስችለውን፣ አርቲኤስፒ ወይም ኦንቪፍ የተባለውን ደረጃ ይደግፍ፤ ከአምራቹ የስልክ መተግበሪያ ውጭ ምስል የማይሰጥ ካሜራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤሌክትሪክም በኔትወርክ ገመዱ በኩል የሚያገኝ፣ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ቢሆን በየካሜራው የኤሌክትሪክ ሶኬት ከመዘርጋት ያድንዎታል። የአንዱ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ለሌባ ጥበቃ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉት ካሜራዎች ይበቃሉ ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይበቁም። እነርሱ የተሰቀሉት በርንና ሰውን ለማየት ነው፤ መደርደሪያውን የሚያዩት በጣም በሰያፍ ሆነው ነው። ለሙከራ ግን ከእነዚያ አንዱን ተጠቅመው መጀመር ምንም አይጎዳም።

ሙቀት፣ አቧራ፣ ፀሐይ

ድሬዳዋ ላይ የቀን ሙቀቱ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ለቤት ውስጥ የተሠሩ ርካሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ብቻ የሚፈቀድላቸው ናቸው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ እስከ 60 ዲግሪ የሚችለውን ይምረጡ፤ ከጣሪያውም ቢያንስ ክንድ ያህል ዝቅ አድርገው ይስቀሉት። ምስሉን የሚያነብበውን ትንሽ ኮምፒውተር በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አያስገቡት። እንደ ራስበሪ ፓይ ያሉት 80 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሥራው ሲዘገይ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ይመስልዎታል።

በደቻቱ አሸዋ ዳር ወይም በአስፋልት ባልለበሰ መንገድ ላይ ያለ መደብር ሌንሱን በየሳምንቱ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ አለበት። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ መደብር ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ትገባበታለች፤ የመደርደሪያው ግማሽ ይነጣል፣ ግማሹ ይጠቁራል። መጋረጃ ወይም ጥላ ማውጣት ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ ይሻላል። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ የሌሊት እይታውን ያጥፉ፣ ምክንያቱም ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ቀለሙ ይጠፋል። የብርሃንና የቀለም ሚዛኑም በራሱ እንዳይለዋወጥ ይቆልፉት።

መብራት ሲጠፋ

ስድስት ካሜራ እያንዳንዱ 5 ዋት፣ ኮምፒውተሩ 25፣ የኔትወርክ ገመዶቹ ማከፋፈያና ራውተሩ 15 ቢፈልጉ ድምሩ 70 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙና ኢንቬርተሩ የሚያባክነውን ቢቀንሱ 500 ያህል ይቀራል። ይህ 7 ሰዓት ያቆይዎታል። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ባለ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከወለል አጠገብ ያስቀምጡት።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ ምስሉ መደብሩ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይነበብ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው አጭር መልእክት ብቻ ይሁን። መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አይቆምም፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል።

ሶፍትዌሩ፦ ከቪዲዮ ይልቅ ፎቶ

መደርደሪያ በሰከንድ ባዶ አይሆንም። በ10 ደቂቃ አንድ ፎቶ ይበቃል። ልዩነቱን በቁጥር ይዩት፦ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ቢቀዳ 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ በ10 ደቂቃ አንድ የ500 ኪሎባይት ፎቶ ቢያነሣ ግን በ12 የሥራ ሰዓት 36 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን ለሚጽፍልዎ ባለሙያ የሚነግሩት ይህን ነው። ኦፕንሲቪ የተባለው የምስል ማንበቢያ ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። መደርደሪያው ሙሉ ሳለ አንድ ፎቶ ይነሣ፤ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ ሣጥን ይሣል፤ ሣጥኑ የዕቃው ስም ይሰጠው። በየፎቶው ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ የጀርባው ደማቅ ቀለም ስንት እጅ እንደተገለጠ ይለካል። ከመቶ 40 ካለፈ «እየሳሳ ነው»፣ 80 ካለፈ «አልቋል» ይበል። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ በእርስዎ መደርደሪያ ላይ ያስተካክሏቸዋል። የቀለሙ ዓይነት ከብርሃኑ መጠን ተለይቶ ይለካ፤ አለበለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ውጤቱ ይዋዥቃል።

ሰው በፊት ለፊቱ ሲቆምስ? አንድ ፎቶ ብቻ ማመን አይገባም። በየ10 ደቂቃው ከአንድ ፎቶ ይልቅ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ይነሡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ መልእክት ይሂድ። ደማቅ ሻሽና ልብስ በበዛባት ድሬዳዋ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው፤ የአንዲት ደንበኛ ነጠላ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀለም ጋር ሊገጥም ይችላል። ማከማቻው በሦስት እጥፍ ቢያድግም አሁንም ትንሽ ነው።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ እርስዎ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት» ካሉ ፕሮግራሙ ላይ 8 እና 20 ተብሎ መጻፉን ያረጋግጡ።

ዕቃን በዓይነቱ የሚለይ፣ በብዙ ምስል የሠለጠነ ሥርዓት ይፈልጋሉ? ይቻላል፤ እንደ ዮሎ ያሉ፣ በምስል ውስጥ ያለን ነገር የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ኤስኬዩ-110ኬ የሚባል 11,762 የመደርደሪያ ፎቶዎች ስብስብም አለ። ግን የተፈቀደው ለምርምር እንጂ ለንግድ አይደለም፤ በእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ማሸጊያዎችም አያውቅም። የራስዎን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አንሥተው ምልክት ማድረግ ይኖርብዎታል። ከውጭ የሚገባው ፓስታ ደግሞ በአዲስ ጭነት በአዲስ ማሸጊያ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሥልጠናው እንደገና ነው። የቀለሙ ዘዴ ማሸጊያ ሲቀየር አይደናገርም። እኔ በዚያ እንዲጀምሩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

መልእክቱ ለማን ይድረስ?

የሥርዓቱ ሕይወት እዚህ ነው። መልእክቱ ለባለቤቱ ስልክ ብቻ ከደረሰ ባለቤቱ ከቀፊራ ወይም ከታይዋን ገበያ ሆኖ ወደ ሠራተኛው ይደውላል፣ ሠራተኛው ደንበኛ ይዟል፣ ነገሩ ይረሳል። መልእክቱ በቀጥታ መደርደሪያ ለሚሞላው ሰው በቴሌግራም ይሂድ፦ የዕቃው ስም፣ የመደርደሪያው ቁጥር፣ የባዶው ቦታ ትንሽ ፎቶ። ከሥሩ ሁለት የሚነኩ መልሶች ይኑሩ፦ «ሞልቻለሁ» እና «መጋዘንም የለም»። ሁለተኛው መልስ በጣም ውድ መረጃ ነው። የመሙላት ችግር ከማዘዝ ችግር የሚለየው በእርሱ ነው፤ ለባለቤቱ መድረስ ያለበትም እርሱ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባም ሆነ ከጂቡቲ የሚመጣ ዕቃ ቀናት ይፈልጋል።

መልእክቶች በየደቂቃው አይዝነቡ። የዚህ ከተማ ቀን ራሱ ጥሩ መርሐ ግብር አለው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲጠነክር ብዙ መደብር ይዘጋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይከፈታል። «እየሳሱ» ያሉት ሁሉ ተሰብስበው በአንድ ዝርዝር ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይድረሱ፤ ሠራተኛው ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በእርጋታ ሞልቶ ይሄዳል። ወዲያውኑ የሚላከው «አልቋል» የተባለው ብቻ ይሁን።

ሁለት ሳምንት መፈተሽ

ካሜራውን ከማመንዎ በፊት አንድ ሠራተኛ በቀን ሦስት ጊዜ መደርደሪያውን በዓይኑ አይቶ ባዶ ያላቸውን ይጻፍ፤ ከካሜራው ጋር ያስተያዩ። እንበል ሠራተኛው 40 ባዶ ቦታ አገኘ፤ ካሜራው ከእነርሱ 34 አየ፤ በሌላ በኩል 10 ጊዜ ባዶ ሳይሆን ባዶ አለ። ስድስቱ ያመለጡት ሽያጭ ያሳጣሉ፤ አሥሩ የሐሰት ጥሪዎች ግን የባሰ ያደርጋሉ፣ ምክንያቱም ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የተመላለሰ ሠራተኛ አራተኛውን መልእክት አይከፍትም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሐሰቱን ይቀንሱ፤ የመነሻ ቁጥሩን ከ40 ወደ 50 ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። የትኛው ሣጥን ደጋግሞ እንደሚሳሳትም ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው አንድ ነጸብራቅ ወይም የተነቀለ የጀርባ ወረቀት ነው።

ሰውና ሕግ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው ፊት የታየበት ፎቶ የግል መረጃ ስለሆነ የሚሻለው አለመያዝ ነው። ፕሮግራሙ ከሣጥኖቹ ውጭ ያለውን ምስል ጥቁር አድርጎ ያስቀምጥ፤ ሰው ያለበት ፎቶ ይጣል፤ የቀረውም ከ30 ቀን በኋላ ይሰረዝ። በር ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ «መደርደሪያ የሚከታተል ካሜራ አለ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፉ።

ለሠራተኞችዎም ካሜራውን ከመትከልዎ በፊት ይንገሯቸው፤ ፎቶዎቹንም ያሳዩአቸው። ካሜራው ማን ዘገየ፣ ማን ተቀመጠ ብሎ መቆጣጠሪያ ከሆነ ሠራተኛው «ሞልቻለሁ» የምትለውን ሳይሞላ ይነካል፤ መረጃዎ በሙሉ ይበላሻል። መሙላቱን የሚያረጋግጠው የሚቀጥለው ፎቶ ነው፣ እርሱ በቂ ነው።

ከተተከለ በኋላ

መደርደሪያ በተቀየረ ቁጥር ሣጥኖቹ እንደገና ይሣሉ፤ ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው በስም ይመደብ። በረመዳን የቴምር፣ የዱቄትና የስኳር ፍላጎት ይጨምራል፤ ግዢውም ከአፍጥር በፊት ባሉት ሰዓታት ይከማቻል። የሂጅራ ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን የተመዘገበውን ለዘንድሮ መነሻ አድርገው አይውሰዱ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታም የወተቱ መደርደሪያ ይረጋጋል። በመዝገብዎ ላይ እነዚህን ወራት ምልክት ያድርጉባቸው፤ «መጋዘንም የለም» የሚሉት መልሶች በየትኛው ዕቃና በየትኛው ወር እንደሚበዙ ሲያዩ የሚቀጥለውን ትእዛዝ መጠን ከዚያ ያወጣሉ። አራተኛውን መደርደሪያ የሚጨምሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ወር ሙሉ ያለ ጭቅጭቅ ከሠሩ በኋላ ነው።